ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት፦ ኪውሲ ለጀመራችሁ ልጆች

መርካቶና ልደታ አካባቢ ፎቅ ላይ ባሉት ልብስ ስፌት ቤቶች ኪውሲ (ጥራት ተቆጣጣሪ) ሆናችሁ የገባችሁ ልጆች እየደወላችሁ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው። ኪውሲ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መጨረሻ ላይ ቆሞ የተሰፋ ልብስ እያገላበጠ የተንጠለጠለ ክር የሚቆርጥ ሰው ነው፣ እሱም ስራ ነው አልናቅሁትም፣ ግን እዛ ጋ የምታገኙት ጥፋት ካለፈ በኋላ ነው፣ አጥሮ የተሰፋ ሸሚዝ ማንም አያረዝመውም። ዋናው ስራችሁ ከተሩ (ጨርቅ ቆራጩ) ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ከማንጠፉ በፊት ነው ያለው።

መጀመሪያ ነገር ቢሮ የተሰቀለችውን ቆንጆ ሳምፕል (ናሙና ልብስ) አትመኗት። እሷን የሰፋት የቤቱ አንደኛ ልብስ ሰፊ ነው፣ ያውም ማንም ሳያጣድፈው፣ ጨርቁም ብዙ ጊዜ "ያው ነው" ተብሎ ከመርካቶ በሜትር የተገዛ ነው። በብዛት የሚመረተው ትዕዛዝ ግን በሌላ ጨርቅ፣ በሌላ ክርና ዚፕ፣ በቀን ይሄን ያህል ካላወጣሽ በተባለች ልጅ እጅ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ ፒፒ ሳምፕል (ምርት ከመጀመሩ በፊት የሚሰፋ ናሙና) ስትጠይቁ ከመጣው ጥቅል ተቆርጦ፣ በመጣው ክርና ቁልፍ፣ ላይኑ (የስፌት መስመሩ) ላይ በምትሰራው ልጅ ይሰፋ በሉ። አስቀያሚ ሆኖ ከወጣ እሰየው፣ የት ጋ እንደሚያስቸግር በአንድ ልብስ አወቃችሁ።

ጥቅሎቹን እየዘረጋችሁ በ4 ፖይንት (ለጨርቅ ጉድለት እንደ ርዝመቱ የቅጣት ነጥብ የሚሰጥበት ዘዴ) እዩ፣ እስከ 3 ኢንች ያለ ጉድለት 1 ነጥብ፣ እስከ 6 ኢንች 2፣ እስከ 9 ኢንች 3፣ ከዛ በላይ 4፣ ከ1 ኢንች ያለፈ ቀዳዳ ቀጥታ 4። ብዙ ባየር (ልብሱን ያዘዘው ገዢ) በ100 ስኩዌር ያርድ ከ40 ነጥብ በላይ አይቀበልም። ይሄን ማንም ያሳያችኋል።

ማንም የማያሳያችሁ እጥበቱን ነው። ጨርቁ ላይ 50 በ50 ሴንቲ በማይለቅ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ ቁመቱ በየት በኩል እንደሆነ በቀስት ጻፉ፣ ከዛ ለባሹ እቤቱ እንደሚያጥበው እጠቡት። ደርቆ ቁመቱ 47.5 ከመጣ 5 ፐርሰንት ገብቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ 70 ሴንቲ መሆን ያለበት ቲሸርት ፓተርኑ (መቁረጫ ቅርጹ) 73.7 ገደማ ይሁን (70ን ለ0.95 አካፍሉ፣ ዝም ብሎ 5 ፐርሰንት መደመር ትንሽ ያሳጥረዋል)። ወርዱን ለብቻ ለኩ፣ ከቁመቱ ጋር እኩል አይገባም። ጀርሲ (የቲሸርት ጨርቅ) ከሆነ ደሞ የጎኑን ስፌት እዩት፣ ታጥቦ ወደ ሆድ የሚዞር ጨርቅ አለ፣ እሱን ምንም ብትተኩሱት አይመለስም። ክረምት ላይ አይደርቅም ብላችሁ እርጥቡን በካውያ እየሳባችሁ እንዳታደርቁት፣ ይለጠጥና ቁጥሩ ይዋሻችኋል። የዩኒፎርም ትዕዛዝ ደሞ የሚጎርፈው ነሐሴ ላይ ነው፣ መስከረም ትምህርት ሊከፈት፣ ዝናቡ እላይ ባለቤቱ እታች፣ ትዕግስት የሚፈተነው ያኔ ነው። ኒት ጨርቅ (እንደ ጀርሲ ያለ የሚለጠጥ ሹራብ መሰል ጨርቅ) ከጥቅሉ ተፈትቶ 24 ሰዓት ይረፍ ስትሉ "ቦታ ያዘብኝ" የሚል አይጠፋም፣ ይበል፣ ተወጥሮ የተጠቀለለ ጨርቅ ወዲያው ከተቆረጠ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያጥረው።

ቀለም። ስሙን የማልጠራው ቤት ስሰራ ነጭ ቲሸርት በጥቁር ሰማያዊ ኮሌታ ታዘዘ፣ ይታጠብ ብል ለአንድ ቀን የሚጠብቅ ጠፋ፣ ተሰፍቶ ሄደ። እናቶች አንዴ አጥበው ደረቱ ሰማያዊ የሆነ ልብስ በፌስታል ይዘው ሲመጡ ባለቤቱ "የሳሙናው ችግር ነው" ይላል። ከኮሌታው መዳፍ የምታክል ቆርጦ ከነጩ ጋር ሰፍቶ ማጠብ፣ በቃ ይሄው ነበር። ከየጥቅሉም ቁራጭ ቁራጭ ሰፍታችሁ አያይዙና መስኮት ጋ ወስዳችሁ እዩ፣ አምፖል ስር አንድ የመሰለ ቀለም ቀን ብርሃን ላይ ሁለት ይሆናል፣ እጅጌና ደረት ከተለያየ ጥቅል ከመጣ ያስታውቃል።

ጋሼ ሁሉም መጨረሻ ላይ በኤኪውኤል (ጥቂት ልብስ አውጥቶ ጉድለት ቆጥሮ ሙሉውን ማሳለፍ ወይም መጣል) አይታይም ወይ ትሉኛላችሁ። ይታያል፣ ለ1,000 ልብስ በተለመደው የፍተሻ ደረጃ (ሌቭል ሁለት) 80 ልብስ ይወጣል፣ ኤኪውኤሉ 2.5 ከሆነ እስከ 5 ጉድለት ያልፋል፣ 6 ከሆነ ይወድቃል። ይሄ የሚያገለግለው እዚህም እዛም ላለ ጥፋት ነው፣ አንዷ ስፌት ዘለለች፣ አንዱ ቁልፍ ላላ ምናምን። ጨርቁ ከገባ ግን 80ውም ገብቷል፣ መቁጠሩ ራሱ ትርፍ ነው።

ሳይዝ ላይ ሚዲየሟን ብቻ ለክታችሁ አትለፉ፣ ትልቁንና ትንሹንም አሰፉ፣ የልጅ ልብስ ከሆነ አንገቱ በጭንቅላት ይግባ አይግባ ስባችሁ ለኩ። የምትለኩበት የፕላስቲክ ሜትርም ሲቆይ ይለጠጣል፣ ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያዩት።

"ፈርሚና ይቆረጥ፣ የስፌት መኪናው ስራ ፈትቶ ቆሟል" የሚላችሁ ሰው በየቤቱ አለ፣ እናንተም ገና ስለሆናችሁ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ይገባኛል። አትጣሉ። ፒፒ ሳምፕሉ ላይ የምትሰፋውን ወረቀት አውጡና "ጨርቁ አልታጠበም፣ ቁረጡ ያለው እገሌ" ብላችሁ ቀን ጽፋችሁ እሱ እንዲፈርም ስጡት። እኔ ካየሁት አብዛኛው ሰው እስክሪብቶውን ሲይዝ "እስቲ ለማንኛውም እጠቡት" ነው የሚለው።