እንግዳ ላይ የሚዘል ውሻ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ፒያሳ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። የ8 ወር ውሻችን በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጦ እንግዳ ላይ ይዘላል፤ ሰሞኑን የእናቴን ነጠላ በጭቃ እግሩ አበላሸባት። ብንገፋውም ብንጮኽበትም ባሰበት። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰላም ሊላችሁ ፊታችሁን ፍለጋ ነው። የባሰበት ስለገፋችሁት ነው፤ መገፋት ለእሱ ጨዋታ ነው። ሲዘል ሳታዩትና ሳትናገሩት ጀርባችሁን ስጡት። አራቱም እግሮቹ መሬት በነኩበት ቅጽበት ሽልማቱን መሬት ላይ ጣሉለት፤ ከፍ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ራሳችሁ እያዘለላችሁት ነው። ባቄላ የምታክል ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ ይበቃል። የወጥ ፍርፋሪ ግን በፍጹም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

“ተቀመጥ” የሚለውን መጀመሪያ እንግዳ በሌለበት ይልመድ። ከዚያ አንዳችሁ ከውጭ አንኳኩ፣ ሌላው ውሻውን በገመድ ይዞ ያስቀምጠው። ከተነሳ በሩ ይዘጋል፣ ከተቀመጠ ይከፈታል። በቀን ሁለቴ፣ 5 ደቂቃ ብቻ። መጀመሪያ ሰሞን ዝላዩ ሊብስ ይችላል፤ የለመደው ስለቀረበት ነውና አትደንግጡ። ልፋቱን መና የሚያስቀረው ከቤተሰቡ አንዱ “ግድ የለም” ብሎ እየዘለለበት ሲደባብሰው ነው።