የእማዬን ፈትል ማን ይጨርሰው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እናታችን ባለፈው ነሐሴ አረፈች። ለታናሽ ወንድማችን ሰርግ የሚሆን ጋቢ መፍተል ጀምራ ነበር። አንድ ሙዳይ ሙሉ ልቃቂት፣ በፌስታል የተቋጠረ ባዘቶ፣ ግማሽ ድረስ የተፈተለበት እንዝርት ትታ ሄደች። ታላቅ እህቴ «እጇ ያረፈበት ነው፤ እንዳለ ይቀመጥ» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ከዱባይ እየደወለ «ሽሮ ሜዳ ሰጥታችሁ አሠሩት» ይላል። እኔ ቀሪውን ራሴ ብፈትለው ደስ ይለኛል። ግን የእኔ ክር አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። ሥራዋን እንዳላበላሽባት ፈራሁ። ሙት ዓመቷም ደረሰ። ምን ይሻላል?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር።

መጀመሪያ ስለ ታላቅ እህትሽ ላውራ፤ እኔም እንደሷ ነበርኩ። የእናቴን ልቃቂት ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ አልጋ ሥር ከተትኩት። ከእህቶቼ ጋር «ለማን ይሁን?» ስንባባል 9 ዓመት አለፈ። ቤት ስንቀይር ብከፍተው አይጥ ወልዳበታለች። ሻንጣው ጥጉ ላይ ተቀዶ ኖሯል፣ እኔ የት አይቼ! ከተረፈው ጋቢ ቀርቶ አንድ ነጠላ በስንት መከራ ወጣ። ስለዚህ ይህን ንገሪልኝ፤ «እንዳለ» የሚቀመጥ ፈትል የለም።

ሽሮ ሜዳ ጎበዝ ሸማኔ ሞልቷል። እኔ ግን ብሆን እዚያው አጠገብሽ ያለውን እመርጣለሁ፤ እየሄድሽ ታይዋለሽ። ልቃቂቱን አስመዝነሽ ስጪ። ሸማኔን መጠርጠሬ አይደለም፤ የእናት ፈትል ከሌላ ሰው ጋር ቢደባለቅ ማን ይለየዋል?

ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ ከገበያ ግዢ። ቅር አይበልሽ፣ ዛሬ ብዙው ሸማኔ የሚጠቀመው የፋብሪካ ድር ነው። ለድር ተብሎ ካልተፈተለ በቀር የእጅ ፈትል ሲወጠር ይበጠሳል። የእናትሽ ፈትል ማግ ይሁን፤ በድሩ መሃል በአግድም የሚገባው ክር ማለት ነው። ለጋቢው ልስላሴውንም ሙቀቱንም የሚሰጠው ማጉ ነው። (ድር ቢያብር የሚለውን ተረት አልደግምልሽም፤ ለቅሶው ላይ ጠግበሽዋል።)

አሁን ወደ ባዘቶው። ፍተይው! እንዝርቱ ላይ ያለውን ክር አትፍቺው፤ እሳቸው ካቆሙበት ቀጥይ። የክሩን ጫፍ ከባዘቶው ጋር ደርበሽ ያዢ፣ እንዝርቱን ጭንሽ ላይ አሽከርክሪው። ይያዛል። ይወፍራል ካልሽም ይወፍር። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፣ ትንሽ ውፍረት ይችላል።

እኔም የጎደለውን ራሴ ነበር የፈተልኩት። ሸማኔው ክሩን ቀሰም ላይ ሲያዳውር ድንገት ቆመ። በሁለት ጣቱ እያሻሸ «ይሄ የሁለት ሰው እጅ ነው» አለኝ። የትኛው የእኔ እንደሆነ አልጠየቀም፣ ያስታውቃል። «በየት በኩል ይግባ?» ብቻ አለ። ዳር ላይ፣ ከጥለቱ አጠገብ አስገባልኝ። ነጠላዬን ለብሼ ቅዳሴ ስቆም እጄ ሳላስበው ወደዚያ ጫፍ ይሄዳል። የእኔ ሻካራ ክር ያልቅና የእሷ ይጀምራል።

አንቺም ለሸማኔው ቀድመሽ ንገሪው። የራስሽን ክር ለይተሽ ስጪ። ካልሆነ መሃል ለመሃል ይበትነውና ጋቢው ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ያኔ እህትሽ አትለቅሽም።

ለሙት ዓመቱ ብለሽ ግን አትሩጪ። እናትሽ ያሰቡት ለሰርግ ነው፤ ሰርጉ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ወንድምሽ «ዱባይ ሙቀት ነው» ካለ፣ ለኤሲው ይሆነዋል በይው። ከመስጠትሽ በፊት አንዴ እጠቢው። የእጅ ፈትል ሰውነት የሚለምደው ከታጠበ በኋላ ነው።