ትልቅ የካርቦን ትራንስፈር ህትመት፦ ጥያቄና መልስ

በካርቦን ትራንስፈር ዘዴ ፎቶግራፍ ማተም ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ሥራዬ ከ50 በ60 ሴንቲሜትር አያንስም። በመጠን ከፍ ለማለት የሚፈልጉ ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዘዴውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ፦ ጥቁር ቀለም፣ ጌላቲንና ጥቂት ስኳር ተቀላቅሎ በወረቀት ወይም በፕላስቲክ ላይ ይፈስሳል፤ ሲደርቅ ቲሹ ይባላል። ቲሹው ለብርሃን ምላሽ እንዲሰጥ በሚያደርግ ዳይክሮሜት በሚባል ኬሚካል ተነክሮ ከደረቀ በኋላ ከኔጌቲቭ ሥር ሆኖ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ያገኛል፤ ብርሃን የነካው ጌላቲንም በሙቅ ውኃ የማይሟሟ ይሆናል። ከዚያ ቲሹው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከሌላ ወረቀት ጋር ፊት ለፊት ይጣበቃል፤ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ያልጠነከረው ጌላቲን ቀለሙን ይዞ ይሄዳል፤ የሚቀረው ምስሉ ነው።

ጥያቄ፦ ምስሉን በመጀመሪያው ወረቀት ላይ እንዳለ ማጠብ አይቻልም? ማዛወሩ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ጌላቲኑ የሚጠነክረው ብርሃን ከገባበት ገጽ ጀምሮ ወደ ታች ስለሆነ ነው። ጥቁር በሚሆነው ቦታ ጥንካሬው ጠልቆ ይገባል፤ ግራጫ በሚሆነው ቦታ ግን ላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ጠንክሮ ከሥሩ ያለው ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ሳያዛውሩ ቢያጥቡት ሙቁ ውኃ ከሥር ያለውን ሲያሟሟው ላይኛው ሽፋን መቆሚያ አጥቶ አብሮ ይታጠባል፤ ስለዚህ ግራጫው ሁሉ ይጠፋል። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፗትቫን እ.ኤ.አ. በ1855 ባስመዘገበው ዘዴ የነበረው ዋና ጉድለት ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ስዋን በ1864 ባስመዘገበው ዘዴ ግን የጠነከረው ገጽ በሌላ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ከጀርባው በኩል ስለሚታጠብ ግራጫው ሁሉ መቆሚያ አገኘ። እኔ ዛሬም ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። ሲዛወር ግን ምስሉ ግራና ቀኙ ይገለበጣልና ኔጌቲቩን በኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ ሊገለብጠው ይገባል።

ጥያቄ፦ ከ20 በ25 ወደ 60 በ80 ሴንቲሜትር ስሸጋገር ቀድሞ የሚያስቸግረኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ ቲሹውን ማፍሰሱ ነው። ድብልቁ በእርጥብነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንዲወፍር ከተፈለገ ለትንሹ 50 ሚሊ ሊትር፣ ለትልቁ 480 ሚሊ ሊትር ይፈስሳል። በትንሹ ላይ የማይታይ የጠረጴዛ መዝመም በትልቁ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ከጥግ እስከ ጥግ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘም በአንዱ ጫፍ 1.25፣ በሌላው ጫፍ 0.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖራል፤ ልዩነቱም በህትመቱ ላይ ይነበባል። እኔ ወፍራም መስታወት በሦስት ብሎኖች ላይ አስቀምጬ፣ ከእያንዳንዱ ማፍሰስ በፊት በውኃ ልክ በሁለቱም አቅጣጫ አስተካክለዋለሁ።

ለአንድ ሊትር ውኃ 90 ግራም ጌላቲንና 45 ግራም ስኳር እጠቀማለሁ፤ የቀለሙ መጠን እንደ ቀለሙ ዓይነት ስለሚለያይ በሙከራ የሚወሰን ነው። ድብልቁ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ፣ መስታወቱም ለብ ብሎ መፍሰስ አለበት፤ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ከፈሰሰ ገና ሳይተካከል እንደ እርጎ ይረጋል። ከማፍሰሴ በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል በሞቀ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ አረፋው እስኪወጣ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በናይለን ስቶኪንግ አጠልለዋለሁ። የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ በጥቁሩ መሀል ነጭ ነጥብ ሆና ትቀራለች።

ጥያቄ፦ በትልቅ መጠን ለማተም ማጉያ መሣሪያ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ማጉያ አያገለግልም፤ ቲሹው ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ እጅግ ዝግተኛ ስለሆነ ኔጌቲቩ የህትመቱን ያህል ትልቅ ሆኖ ከቲሹው ጋር መነካካት አለበት። ብዙዎቻችን ኔጌቲቩን ግልጽ ፊልም ላይ በኢንክጄት ፕሪንተር እናትማለን።

ጥያቄ፦ ቲሹውንና ተቀባዩን ወረቀት ሳጣብቅ ክብ ክብ ነጭ ቦታዎች ይቀራሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ በመሀል የታፈነ አየር ነው፤ ለእኔ የትልቅ ህትመት ዋናው ፈተና ከብርሃኑ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ከቧንቧ አሁን የተቀዳ ውኃ አየር ይዟል፤ በወረቀቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሆኖ ይሰፍራል። ስለዚህ ውኃው በትልቅ ሳፋ ውስጥ ያድር፤ ሙቀቱም ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ሁለቱንም ወረቀቶች ውኃ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ፊታቸውን በጓንት በለበሰ እጅ በቀስታ ይዳብሷቸው። ቲሹው መጀመሪያ ይጠቀለላል፤ ቆይቶ መዘርጋት ሲጀምር ጊዜው ደርሷል፤ ይህም አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ጌላቲኑ ውኃ ጠግቦ ተቀባዩን ወረቀት ስቦ የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

ከሁለት ዓመት በፊት 60 በ80 የሆነ ቲሹ ብቻዬን ይዤ ከአንዱ ዳር ጀምሬ አስተኛሁት። ሌላኛው ዳር ቀድሞኝ ወረደና መዳፍ የሚያህል አየር መሀል ላይ ታፈነ፤ ሲታጠብ ከሰማዩ ግማሹ ተልጦ በውኃው ላይ ሲንሳፈፍ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ሆነን ነው የምንሠራው፦ ቲሹውን በአራቱም ጥግ ይዘን መሀሉ እንደ ጀልባ ሆድ ቀድሞ እንዲነካ እናደርጋለን፤ ቀጥሎ በጎማ መጥረጊያ ከመሀል ወደ ዳር፣ መጀመሪያ በጣም በቀስታ እንገፋለን። ከዚያም በመስታወትና በክብደት ሥር ለግማሽ ሰዓት ይቆያል።

ጥያቄ፦ ዳር ዳሩ እየተነሣ ይላጣል።

መልስ፦ በኔጌቲቩ ዙሪያ ብርሃን የማያሳልፍ ቴፕ ይለጥፉ፤ ለትልቅ መጠን 1.5 ሴንቲሜትር ስፋት ይበቃል። ዳሩ ሳይጠነክር ሲቀር በሙቁ ውኃ ይሟሟልና ምስሉን ይዞ የሚነሣ ጠርዝ አይኖርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በመብራት ፋንታ ፀሐይን መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አልትራቫዮሌቱ ብርቱ ነው። ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ በመስታወት ሥር የጋለ ቲሹ ለስልሶ ከኔጌቲቩ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ጠዋት ይሥሩ፤ በመሀላቸውም በጣም ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ያስገቡ። በክረምት ቲሹው ከአየሩ እርጥበት ስለሚወስድ በበጋ ለብርሃን የሚሰጡት የጊዜ ርዝመት አያገለግልም፤ በየጊዜው በቁራጭ ቲሹ ይፈትኑ።

ጥያቄ፦ እኔ ጀርመን ነኝ፤ ዳይክሮሜት መግዛት አልቻልኩም።

መልስ፦ በአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም፤ ክልከላውም ተገቢ ምክንያት አለው። ዳይክሮሜት ካንሰር ያመጣል፤ ዱቄቱ ሊተነፈስ፣ ፈሳሹ ቆዳ ሊነካ ወይም ወደ ፍሳሽ ሊጣል አይገባም። በምትኩ ዳስ (DAS) የሚባለውን፣ ቲሹው ለብርሃን ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርግ ሌላ ኬሚካል ይሞክሩ። ከድብልቁ ጋር አብሮ ስለሚፈስስ ቲሹው ለወራት ይቀመጣል፤ በዳይክሮሜት የተነከረው ግን በሰዓታት ውስጥ መታተም አለበት። ዳስ የሚተወውን ቢጫ ለማስወገድ ተጨማሪ እጥበት ያስፈልጋል። ዛሬ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ እጥበቱ እንዳለቀ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በ40 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከዳርና ከዳር ጥቁር ቀለም መፍሰስ ይጀምራል፤ ያኔ የቲሹውን ጀርባ ከአንድ ጥግ በውኃው ውስጥ እንዳለ በቀስታ ይላጡ። እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩለት። ውኃውን እየቀየሩ ያወዛውዙት፤ ወረቀቱ በጥጉ ሲነሣ የሚንጠባጠበው ውኃ ንጹሕ ከሆነ አልቋል። ቀዝቃዛ ውኃ ጌላቲኑን መልሶ ያረጋዋል፤ የዳይክሮሜቱን ብርቱካናማ ቀለም ደግሞ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ያነሣዋል። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ከጎን ብርሃን ቢያሳዩት ጥቁሩ ከነጩ በላይ ከፍ ብሎ በዓይን ይታያል። እርጥቡ ምስል በጥፍር ይጫራልና ገጹን ሳይነኩ ሰቅለው ያሳድሩት፤ ሲደርቅ ከፍታው ዝቅ ይላል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም።