ዲቪን አንድ ፊርማ ያስቀረዋል?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት አለኝ። የዲቪ ፎርም ስሞላ ደንበኞቼ «ፕሬዚዳንቱ በፊርማቸው ሊያስቀሩት ይችላሉ?» እያሉ ያፋጥጡኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ማጥፋት አይችሉም በሏቸው። ዲቪ የመጣው ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ሕግ የሚሻረው በሕግ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለቱም ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው። በ2013 ሴኔቱ ዲቪን የሚያስቀር ረቂቅ 68 ለ32 አጽድቆ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ እንኳ ሳያቀርበው ቀረ። እርስዎ እስካሁን በፎርም ሙያ የሚተዳደሩት በዚያ ዝምታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። (እኔም ደሴ እያለሁ ሁለቴ ሞልቼ አልወጣልኝም።)

ማገድ ግን ሌላ ነገር ነው። የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ፕሬዚዳንቱ የውጭ ዜጎች እንዳይገቡ እንዲያግዱ ይፈቅዳል፤ ሥልጣኑን የሰጣቸው ያው ኮንግረስ ነው። ትራምፕ በ2020 ይህን ተጠቅመው ቪዛውን አስቆሙ። ዕድለኞቹ ከሰሱ፣ ዋሽንግተን ያለ የፌዴራል ዳኛም ፋይላቸው እንዲታይ አዘዘ። ትእዛዙ ሲወጣ ሴፕቴምበር ገብቶ ነበር፤ የዲቪ ዓመት ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ያልቃል።