ቤቱ ሲዞርብን፦ ስለ ውስጠኛው ጆሮና ስለ አንጎል

ጥያቄ፦ ሌሊት ወደ ቀኝ ስገላበጥ ቤቱ ይዞርብኛል። ዝም ብዬ ስጠብቅ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይተወኛል። የደም ግፊቴም ደሜም ደህና ነው ተባልኩ። ከጆሮ ነው ብለውኛል፤ ነገር ግን ጆሮዬን አያመኝም፣ በደንብም እሰማለሁ። ከአንጎሌ ይሆን?

መልስ፦ የነገሩዎት ትክክል ይመስለናል። ውስጠኛው ጆሮ ከመስማት ሌላ ሚዛን የመጠበቅ ሥራ አለው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀጫጭን ግማሽ ክብ ቱቦዎችና ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ቱቦዎቹ የጭንቅላትን መዞር ይለካሉ፤ ከረጢቶቹ ደግሞ ማዘንበሉን፣ እንዲሁም ወደ ፊት ወይም ወደ ላይ መሄዱን። ከረጢቶቹ ውስጥ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። ጥቂቶቹ ተላቀው ቱቦ ውስጥ ሲገቡ እርስዎ የጻፉልን ዓይነት ማዞር ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ወደ ኋለኛው ቱቦ ነው።

ሲገላበጡ ጠጠሩ ይንሸራተትና ፈሳሹን ይገፋል፤ ቱቦው ውስጥ መዞርን የሚለኩት ፀጉር መሰል ህዋሳትም ይጎብጣሉ። ቀኝ ጆሮ ገና እየዞርን ነው የሚል መልእክት ይልካል፤ ግራው ጆሮና ዓይን ግን ቆመናል ይላሉ። አንጎል የተሳሳተውን መልእክት አምኖ ዓይንን ስለሚያንቀሳቅስ ክፍሉ የሚሽከረከር ይመስላል። ጠጠሩ ሲረጋ ማዞሩም ያበቃል። ከአንድ ደቂቃ የማያልፈው ለዚህ ነው።

ሐኪም ጭንቅላትዎን 45 ዲግሪ አዙሮ በፍጥነት በጀርባ ሲያስተኛዎት የዓይንዎን መወዛወዝ አይቶ ጎኑንና ቱቦውን ይለያል። ቀኙ ኋለኛ ቱቦ መሆኑ ከተረጋገጠ መፍትሔው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኢፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ዘዴ ነው። እግርዎን ዘርግተው አልጋ ላይ ይቀመጡ፤ ሲተኙ ከትከሻዎ ሥር የሚሆን ትራስ ከኋላዎ ያኑሩ። ጭንቅላትዎን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዙሩና እንደዞረ በጀርባዎ ይተኙ፤ ጭንቅላትዎ ከትራሱ ማዶ ትንሽ ወደ ኋላ ይዘንበል። ማዞሩ ይነሳል። እስኪተውዎት ይጠብቁና 30 ሰከንድ ይጨምሩ። ከዚያ ጭንቅላትዎን ሳያነሱ 90 ዲግሪ ወደ ግራ ያዙሩ፤ ደግሞ 30 ሰከንድ። ቀጥሎ መላ ሰውነትዎን በግራ ጎንዎ ያዙሩ፤ ጭንቅላትዎ አብሮ ዞሮ አፍንጫዎ ወደ ወለሉ ይመልከት። ሌላ 30 ሰከንድ ቆይተው አገጭዎን ወደ ደረትዎ እንዳስጠጉ ቀስ ብለው ይነሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መካከል ላይ ነው፤ ሲዞር ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ ጠጠሩም ወደ መጣበት ይመለሳል። ጎን መሳሳትም ያለ ነው። ጠጠሩ አግድም ቱቦ ውስጥ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ሌላ አለው። የአንገት አጥንት ችግር ያለበት ሰው ያለ ባለሙያ አይሞክረው። ክኒን ጠጠርን ከቦታው አያነሳም።

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በፊት የአንድ ጆሮዬ የሚዛን ነርቭ ተቆጥቷል ተብዬ ለቀናት ተኛሁ። ማዞሩ ቀርቶልኛል። ግን እየሄድኩ ሰው ሲያናግረኝ የምለው ይጠፋኛል፣ ሰው የበዛበት ቦታ ያደክመኛል። አእምሮዬ ተጎድቶ ይሆን? የማዞር መድኃኒቱን እስካሁን እወስዳለሁ።

መልስ፦ ድካምዎ እውነተኛ ነው፣ ምክንያትም አለው። አንድ ነገር ይሞክሩ፦ ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ ይህን ገጽ በፍጥነት ግራ ቀኝ ያወዛውዙት፤ ፊደሉ ይደበዝዛል። አሁን ገጹን አቁመው በዚያው ፍጥነት ጭንቅላትዎን ያወዛውዙ። ጤነኛ ሰው ማንበቡን ይቀጥላል፤ ምክንያቱም የጆሮው መልእክት በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ዓይኑን ወደ ተቃራኒው ያዞርለታል። አንዱ ነርቭ ሲጎዳ ይህ ፍጥነት ይጎድላል። ቀድሞ ሳያስቡት ይከናወን የነበረውን መራመድና ማየት አንጎል አሁን በትኩረት ይሠራዋል፤ ለጨዋታው የሚተርፈው ትኩረት ያንሳል።

አንጎል ይህን መልሶ ይማራል፤ የሚማረው ግን ስህተቱን እያየ ነው። የማዞር መድኃኒት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፣ ትውከቱ ሲበረታ፣ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ስህተቱን ስለሚያደበዝዝ ማገገምን ያዘገያል። ሦስት ወር እጅግ ረዝሟል፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ስለሚጎዱ ግን አወራረዱን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ከዚህ ጎን ለጎን አንድ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈው ክንድ በሚያህል ርቀት፣ በዓይንዎ ትክክል ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ዓይንዎን ፊደሉ ላይ ተክለው “አይደለም” እንደሚል ሰው ጭንቅላትዎን በትንሹ ያወዛውዙ። ፊደሉ ሊደበዝዝ እስኪል ድረስ ያፍጥኑ፤ አንድ ደቂቃ ሠርተው ይረፉ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ደቂቃ ይጀምሩና በቀን በድምሩ ወደ 20 ደቂቃ ያሳድጉት። በመጀመሪያ ተቀምጠው፣ ቀጥሎ ቆመው፣ በኋላም እየተራመዱ ይሥሩት። ጥቂት ማዞር ይጠበቃል፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከተወዎት ልክ ነው፣ ለሰዓታት ከቆየ ግን ልምምዱን በግማሽ ይቀንሱ። እንዳያዞረኝ ብሎ በዝግታ የሚሠራ ሰው ለአንጎሉ የሚማርበት ነገር አልሰጠውም።

ጥያቄ፦ ማዞር ከጆሮ ሳይሆን ከአንጎል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከማዞሩ ጋር ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ወይም ሰው ሳይደግፍ መቆም ካልተቻለ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከላይ የጻፍነውን አይሞክሩ፤ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙና ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።