ሞተር በተገጠመለት ሳይክል ከአዳማ እስከ በቆጂ፦ ስለ ቡድን ጉዞው ጥያቄና መልስ

በጥቅምት መጨረሻ ከአዳማ ተነስተው በአሰላ በኩል በቆጂ ደርሰው ለሚመለሱ ነጂዎች የተከፈተ የጥያቄ መድረክ ነው። ዕቅዱ የሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ከአዳማ አሰላ 75 ኪ.ሜ ያህል፣ በሁለተኛው ከአሰላ በቆጂ ደርሶ መልስ 110 ኪ.ሜ ያህል፣ በሦስተኛው ከአሰላ ወደ አዳማ። አብዛኞቹ ሳይክሎች ባለ 26 ጎማ ሆነው 80 ሲሲ ተብሎ የሚሸጠው ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባበት ዓይነት) የተገጠመላቸው ናቸው። (ትክክለኛ ይዘቱ 66 ሲሲ አካባቢ ነው፤ ዳገት ላይ ሲያቅተው አትገረሙ።)

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እስካሁን የተመዘገብነው አሥራ አራት ነን። ሁላችንም አንድ ላይ ብንሄድ ችግር አለው?

አለው። ሰባት ሰባት ሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉና አሥር ደቂቃ ተራርቃችሁ ውጡ። ከኋላ የመጣ አይሱዙ ሰባት ሳይክል ቀድሞ ቦታውን ይይዛል። አሥራ አራቱን ልቅደም ብሎ ግማሽ ላይ እያለ ከፊት መኪና ከመጣበት ግን የሚገባው እናንተ መሃል ነው።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይምራ። ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ የሚሄደው ደካማው ሞተር ይሁን፤ የቡድኑ ፍጥነት የሚለካው በእሱ ነው። ደካማውን መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት እናንተ እየጠበቃችሁ ስታርፉ እሱ ሳያርፍ ይደርስና ወዲያው እንሂድ ትሉታላችሁ። ሞተሩም ሰውየውም የሚቃጠለው በዚህ ነው። መጨረሻ ላይ መሣሪያ የያዘውና ጥገና የሚችለው ይሁን፤ ከእሱ ኋላ ማንም አይቅር። ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪ.ሜ፣ ዳገት ላይ 18 እስከ 20 ይበቃል። መታጠፊያ ወይም መገንጠያ ላይ እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ያለው እስኪያየው ድረስ ይቁም።

ጥያቄ፦ ቤንዚን እንዴት እናስላ? ሰልባትዮዬ ሁለት ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው።

ሜዳ ላይ ለ100 ኪ.ሜ ሁለት ሊትር ተኩል፣ ዳገት ላይ ሦስት ተኩል ያዝ። አዋሽን ተሻግረህ ወደ አሰላ ስትወጣ መንገዱ እየጨመረ የሚሄድ ዳገት ስለሆነ ለ75 ኪ.ሜ 2.6 ሊትር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ትርፍ ሊትር በነፍስ ወከፍ ግዴታ ነው። ብዙ ማደያ በጀሪካን አይቀዳም። ሳይክሉን ራሱን አቅርበህ ሰልባትዮውን ሙላ፣ ቤት ስትደርስ ወደ ብረት ዕቃ ገልብጥ፣ ከዚያ እንደገና ተሰለፍ። አሰልቺ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን የለም። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቴሌብር ላይ ብር መኖሩንና ባትሪ አለመድከሙን አስቀድመህ እይ።

ሃይላንድ ውስጥ ቤንዚን ይዛችሁ እንዳትወጡ። ፀሐይ ሲመታው ያብጣል፣ በክዳኑ ያፈስሳል፣ ያ ደግሞ ከጋለ ማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠውም ላምባ ወይም ውሃ ሊቀላቀልበት ይችላል። የተቸገረ ሰው ከገዛ በጠራ ጠርሙስ ጥቂት ቀድቶ አምስት ደቂቃ ያስቀምጠው፤ ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ላምባ ግን በዓይን አይለይም፤ ሞተሩ ሲያንኳኳና ከወትሮው በላይ ሲያጨስ ነው የሚታወቀው።

ጥያቄ፦ የዘይቱን ድብልቅ አንዱ 20 ለ 1፣ ሌላው 32 ለ 1 ይላል። የቱን እንያዝ?

አዲስ ሞተር ከሆነ ለመጀመሪያው 500 ኪ.ሜ 20 ለ 1፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ዘይት። የለመደ ከሆነ ለዚህ ዳገት 25 ለ 1፣ ማለትም 40 ሚሊ ሊትር። 32 ለ 1 ለከተማ ይሆናል፤ ተሸክሞ ለሚወጣ ሞተር ግን አልመክረውም። መለኪያው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 20 ሲሪንጅ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሞልተህ ስትገፋው ልክ የአንድ ሊትሩ ይሆናል። በክዳን መስፈር ይቅር፣ ክዳኑ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል።

ማደያ ላይ ስትሞላ መጀመሪያ የቤንዚን ቧንቧውን ዝጋ። ግማሹን አስቀዳ፣ ዘይቱን ጨምር፣ ቀሪውን አስቀዳበት፣ ሳይክሉን ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ቧንቧው ክፍት ከሆነ ያልተቀላቀለው ዘይት ቀጥ ብሎ ካርብራተር ውስጥ ይገባና ካንዴላውን ያጨቀየዋል። የመኪና ዘይት ደግሞ አይሆንም፤ አመዱ ካንዴላና ማርሚታ ይደፍናል። ለአንድ ሳይክል ለሦስቱ ቀን ዘጠኝ ሊትር ቤንዚን ካሰብን 360 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፣ ለሰባት ሰው ሁለት ሊትር ተኩል። ቤንዚን መንገድ ላይም ይገኛል፤ ደህና ቱ ስትሮክ ዘይት ግን በየከተማው አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ።

ጥያቄ፦ አሰላ ስደርስ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው ይንተባተባል፣ ግማሽ ላይ ደህና ነው። ካንዴላ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ከፍታው ነው። አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ናት፣ አሰላ 2430 አካባቢ፣ በቆጂ 2800 አካባቢ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ካርብራተሩ ግን የሚሰጠውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ በቤንዚን ይበዛል። ካንዴላውን ፍታና እየው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ይኸው ነው። ደረቅ ቡናማ ከሆነ ካርብራተሩን አትንካው፣ ሌላ ምክንያት ፈልግ።

የቤንዚን ቧንቧውን ዘግተህ የካርብራተሩን የላይ ክዳን በእጅህ አዙረህ አውጣ። ከካቦው ጋር አብሮ የሚወጣው መርፌ ላይ ትንሽ ክሊፕ አለች። ክሊፗን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ስትወስዳት መርፌው ዝቅ ብሎ ይቀመጥና ቤንዚኑ ይቀንሳል። አንድ ደረጃ ብቻ። ያም ካልበቃ 70 ቁጥሩን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ቡሎን) በ65 መለወጥ ነው። ክሊፗ ሚስማር ራስ የማታክል ስለሆነች ከሥር ጨርቅ ሳታነጥፍ እንዳትፈታት፤ ሣር ውስጥ ከወደቀች አታገኛትም።

ጉልበቱም መቀነሱ አይቀርም። በቆጂ ላይ ከአዳማው አሥር በመቶ ያህል ይጎድላል፤ ይህንን የትኛውም ማስተካከያ አይመልሰውም፣ ፔዳል ረግጦ ማገዝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአሰላ ከመነሳታችሁ በፊት ክሊፗን ወደ ነበረችበት መልሷት። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ያ ደግሞ ፒስተን ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ዘግቼ በሞተር ፍሬን ብወርድ ቤንዚንም ይተርፈኛል፣ ፍሬኔም አያልቅም። ልክ ነኝ?

በመኪና ልክ ነህ። በቱ ስትሮክ ግን ሞተር የሚገደለው እንዲህ ነው። የዚህ ሞተር ዘይት ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ነው። ነዳጅ መስጫውን ዘግተህ ጎማው ሞተሩን በግድ ሲያሽከረክረው ፒስተኑ በሙሉ ፍጥነት ይመላለሳል፣ የሚደርሰው ዘይት ግን ለሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ለሚዞርበት) የሚሆን ጠብታ ነው። የፒስተኑ ፋሻ ይደርቃል፣ ሲሊንደሩ ይጫራል፣ ከዚያ ግሪፕ ያደርጋል፤ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል። ግሪፕ ሲያደርግ ደግሞ የኋላ ጎማህ በአንዴ ይቆለፋል።

ፍሪሲዮኑን ያዝ፣ ወይም እጀታው መቆለፊያ ካለው ቆልፈው፤ ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ፣ አንተ በፍሬን ውረድ። ፍሪሲዮን ሳትይዝ የምትወርድ ከሆነ በየጥቂት ሰከንዱ ነዳጁን ሩብ ያህል ከፍተህ መልሰህ ዝጋ። የፊትና የኋላ ፍሬን እያፈራረቅህ ያዝ እንጂ አንዱን ሳትለቅ አትጨብጠው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ በየአሥር ደቂቃው ቁምና በእጅህ ቀረብ ብለህ ሙቀቱን እየው፤ ቸርኬው በጣም ሲግል የተለጠፈ ከመነዳሪ ይላቀቃል። በመካከላችሁ ያለው ርቀት ቁልቁለት ላይ እጥፍ ይሁን፣ ቢያንስ አራት ሰከንድ።

ጥያቄ፦ በፊኒክስ (በቻይናው ሳይክል) መምጣት ይቻላል?

ፍሬኑ የብረት ዘንግ ከሆነ አይቻልም። ሜዳ ላይ ከወንጂ ደርሶ መልስ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ አብዝቶ የሚበላሸው ምንድን ነው? ለሰባት ሰው ምን ምን መለዋወጫ እንያዝ?

ከሁሉ በፊት የሚላላ ቡሎን ነው። እነዚህ ሞተሮች ንዝረታቸው ኃይለኛ ነው። የሞተር ማሰሪያው፣ የማርሚታው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ዳዶዎች፣ የካርብራተሩ አንገት፣ የኋላ ጥርሱን ከጎማ ሽቦዎቹ ጋር የያዙት ዘጠኝ ቡሎኖች በየ25 ኪ.ሜ በቁልፍ ይነኩ። ዴራና ኢተያ ላይ መቆማችሁ ስለማይቀር ሻይ ከማዘዛችሁ በፊት ይሁን፤ ከሻይ በኋላ ማንም አያደርገውም።

ሁለተኛው አደገኛው ነው፤ የካቴና መወጠሪያዋ። በፍሬሙ ቱቦ ላይ በሁለት ቡሎን ብቻ ስለምትታሰር ስትላላ ትዞርና የኋላ ጎማ ሽቦዎች ውስጥ ትገባለች። ጎማው እዚያው ይቆለፋል። ከመታሰሪያው ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አድርጋችሁ አጥብቋት፣ ቱቦው ላይ በቀለም መሥመር አስምሩና በየፌርማታው መሥመሩ መንቀሳቀሱን እዩ። ካቴናው መሃሉ ላይ ሲጫን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይርገብ። ከዚያ በላይ የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታ ይበላል።

ለሰባት ሳይክል፦ ካንዴላ አራት (ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር)፣ የፍሪሲዮን ካቦ ሁለት፣ የነዳጅ ካቦ አንድ፣ ባለ 415 ካቴና ግማሽ ከሦስት ማገናኛ ጋር፣ ሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ሳጥን) አንድ፣ የማግኔት መጠምጠሚያ አንድ፣ የቤንዚን ጎማ አንድ ሜትር፣ የጎማ ሽቦ አሥር፣ ባለ 6 እና ባለ 8 ቡሎንና ዳዶ አሥር አሥር። ከመነዳሪ ለእያንዳንዱ ሁለት፤ አዋሽ አካባቢ ያለው የግራር እሾህ ለአንድ አይበቃውም። ማስቲሽና ልጣፊ፣ ፖምፓ ሁለት፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ከ8 እስከ 17 ቁጥር ቁልፎች፣ 21 የካንዴላ ቁልፍ፣ ናስትሮ።

የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ይያዝ። እሳት ከጠፋ ከሞተሩ የሚወጡትን ሰማያዊና ጥቁር ሽቦዎች ከሲዲአዩ ለይታችሁ ለኩ። 300 ኦም አካባቢ ካሳየ መጠምጠሚያው ደህና ነው፣ ሲዲአዩን ለውጡ። ምንም ካላሳየ መጠምጠሚያው ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ከዚህ በፊት ግን የማጥፊያውን ሽቦ ንቀሉና ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ዘንድ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ የኤሌክትሪክ ነው፣ 48 ቮልት 13 አምፒር ሰዓት። ከእናንተ ጋር ልምጣ?

እህቴ፣ ሒሳቡን እንሥራው። ባትሪሽ 624 ዋት ሰዓት ይይዛል። አንቺ፣ ሳይክሉና ዕቃው 110 ኪሎ ብትሆኑ 900 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ የሞተሩ ብክነት ሲታከልበት፣ 360 ያህል ይሄዳል። ለ75 ኪ.ሜ ርቀቱ በኪ.ሜ አሥር ዋት ሰዓት ስናስብ ሌላ 750 ነው። በድምሩ 1100 አካባቢ። ስለዚህ ሁለተኛ ተመሳሳይ ባትሪ ካለሽ ነይ፣ ከሌለሽ ግማሹን መንገድ በፔዳል ነው። በሁለት አምፒር ቻርጀር አንዱን መሙላት ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አሰላ ላይ ሌሊቱን መብራት ቢጠፋስ ብለሽም አስቢ። ስትመለሺ ግን ከሁላችንም የተመቸሽ አንቺ ነሽ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት እንነሳ?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጎማው ይንቀሳቀስ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። አዳማ ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ያለምክንያት አልተተከሉም። የበጋው ነፋስ በብዛት ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ በመልሱ ጉዞ ከፊትና ከጎን ይመታችኋል፤ ረፋድ ላይ እየበረታ ይሄዳል። በተጨማሪ ስንዴው የሚታጨድበት ወቅት እየገባ ነው፤ ኮምባይነር ከመጣ አስፋልቱን ለቃችሁ ውረዱለት። አስፋልት ላይ የተበተነ ገለባ ካያችሁ ፍሬን ሳትነኩ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። በቆጂ ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ጓንት የሌለው ሰው ፍሬን መጨበጥ ያቅተዋል።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል? ፔዳል አለው እኮ።

ለትራፊክ ፖሊስ በሞተር የሚሄድ ነገር ሞተር ነው፣ በፔዳሉ መከራከር አያዋጣም። አስተባባሪው ከሳምንት በፊት የሳይክሎቹን ፎቶና የነጂዎቹን ዝርዝር ይዞ አዳማ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ የተባለውንም በጽሑፍ ይቀበል። የሞተር መንጃ ፈቃድ ያለው ይያዘው፤ መታወቂያና የሞተር ሄልሜት ለሁሉም ነው። የመንገዱን ጸጥታ በዋዜማው ማታ አሰላም በቆጂም ከሚኖር ሰው በስልክ ጠይቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ጥያቄ፦ የአንዱ ሞተር ጨርሶ እምቢ ቢልስ? በገመድ እንጎትተው?

በገመድ መጎተት አይታሰብም፣ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። የሞተሩን ካቴና በማገናኛው ፈትታችሁ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ ሳይክሉ ተራ ሳይክል ይሆናል፤ እስከሚቀጥለው ከተማ በፔዳል ይደርሳል። ዳገት ከሆነ ሚኒባስ አስቁሙና ጣሪያ ላይ ይጫን። ከመጫኑ በፊት ቤንዚኑን ለሌላው ሳይክል ገልብጡ፣ ካርብራተሩ ውስጥ የቀረውንም አፍስሱ። ሾፌሩ ሽታውን ካሸተተ አይጭንላችሁም፤ እውነቱን ነው።