ከፕሮስቴት ካንሰር በኋላ ያለውን ሕይወት ማጥናት ሙያ ይሆናል?

ውድ ጠያቂዬ፣

በሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት አራት ዓመት ካገለገሉ በኋላ፣ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍዎን የፕሮስቴት ካንሰር ታክመው ወደ ቤታቸው በተመለሱ ወንዶች ኑሮ ላይ ለመሥራት እንዳሰቡ፣ አማካሪዎ ግን «ርእሱ ሥራ አያስገኝም» በማለታቸው እንዳመነቱ ጽፈውልኛል። ርእሱን እንዳይተዉት እመክርዎታለሁ። ሆኖም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላውን ሰፊ መጠይቅ ትተው፣ ጥቂት ሰዎችን ከሕክምናው በፊት ጀምረው ቢከታተሉ ይሻላል።

ምክንያቴን ያገኘሁት ከራስዎ ደብዳቤ ነው። በክትትል ቀን «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባሉ «ተመስገን» ብለው የመለሱት አባት ካርዳቸው ላይ «ቅሬታ የለም» ተብሎ ተጻፈ፤ ሊወጡ የበሩን እጀታ ይዘው ሳለ ግን፣ ሽንታቸው ስለሚያመልጣቸው ስምንት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳልገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩዎት። በሽታውም መድኃኒቱም ተመዝግቧል፤ እሳቸው ያጡት ነገር ግን የትም አልሰፈረም። በዚህ ዘርፍ የሚደረገው ጥናት የሚሻሻለው ከ«ተመስገን» አልፎ መጠየቅ ሲችል ነው፤ ለዚህ ደግሞ እስከ በሩ የሸኟቸው እርስዎ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነዎት።

ዝምታው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የብሪታኒያ ጥናት 35,823 ታካሚዎች መጠይቅ ሞልተው፣ 81 ከመቶ የሚሆኑት የወሲብ አቅማቸው ደካማ መሆኑ ታውቋል፤ ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ግን ለዚህ ችግር ምንም ዓይነት እርዳታ አልቀረበላቸውም። በዚያው አገር ፕሮቴክት የተባለው ጥናት፣ በሽታቸው ገና ያልተስፋፋ 1,643 ወንዶችን በዕጣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለጨረርና ለንቁ ክትትል (ወዲያው ሳይታከሙ በየጊዜው እየተመረመሩ ለመቆየት) መድቦ ሲከታተል፣ ከ15 ዓመት በኋላ በበሽታው የሞቱት በሦስቱም ምድቦች ከ2 እስከ 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ልዩነቱ በኑሮ ላይ ነው። ሽንት ስለሚያመልጣቸው በውስጥ ልብሳቸው ንጣፍ (ፓድ) የሚጠቀሙት ከሕክምናው በፊት 1 ከመቶ የነበሩ ሲሆን፣ ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት መካከል በስድስተኛው ወር 46 ከመቶ ደርሰዋል። ይህን ማወቅ የተቻለው ሰዎቹ ከመታከማቸው በፊት ስለተጠየቁ ነው።

ከዚሁ ጥናት ለሙያዎ የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያ በዕጣ ለመመደብ የሚስማሙት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ከታካሚዎች ጋር የተደረገውን ንግግር ቀድተው ሲያዳምጡ፣ ክትትሉን ለመግለጽ የተመረጠው «እየተመለከቱ መጠበቅ» የሚል አነጋገር «ስሞት ቆመው ያዩኛል» ተብሎ እንደሚተረጎም ተረዱ። ይህንና ሌሎች አገላለጾችን ሲለውጡ ቁጥሩ ወደ 70 ከመቶ ከፍ አለ።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ማድረግንና መጠይቅ መተርጎምን በሚገባ ይማሩ። የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚዎችን ኑሮ የሚለካውን፣ 26 ጥያቄዎች ያሉትን ኤፒክ-26 የተባለ የእንግሊዝኛ መጠይቅ የሚጠቀሙ ከሆነ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ወደ አማርኛ ይተርጉሙት፣ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ከዚያም ታካሚዎች እያንዳንዱን ጥያቄ ሲሰሙ ምን እንደተረዱ በራሳቸው አንደበት ይንገሩዎት። ለየብቻ የሚተነተኑ ጥቂት ጥያቄዎችንም ይጨምሩ፦ ቆሞ ማስቀደስን፣ ውዱእ ጠብቆ መስገድን፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥን፣ በአውቶቡስ ረጅም መንገድ መሄድን። በአገራችን ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚመጡት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ በመሆኑ የሆርሞን ሕክምና የሚያስከትለውን ድንገተኛ ሙቀት፣ ድካምና የአጥንት መሳሳት መጠየቅም አይዘንጋ።

አማካሪዎ ስለ ሥራ የተናገሩት ፈጽሞ ስህተት አይደለም፤ በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ላያገኙ ይችላሉ። ነገር ግን ታካሚን በአክብሮት አነጋግሮ ለወራት የሚከታተል ነርስ በካንሰር ምዝገባ፣ በማስታገሻ ሕክምና፣ እንዲሁም እንደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባሉ የክሊኒካል ሙከራ በሚካሄድባቸው ተቋማት ሥራ ሊያገኝ ይችላል። ሲያመለክቱም የጥናቱን ርእስ ሳይሆን ይህን ችሎታዎን ያስቀድሙ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ እንደተገኘ የመጠይቁን ትርጉም በአምስት ሰዎች ይሞክሩ፤ እኒያ አባት ፈቃደኛ ከሆኑ አንዱ እሳቸው ይሁኑ። ሽንት የሚቋጥረውን ጡንቻ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ ያስተማራቸው ሰው እንዳለ ግን ጥናቱን ሳይጠብቁ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ይጠይቋቸው።